አራት ድምፅ በአንድ ቀን፣ አራት ዓመት ያለ ምክር ቤት፦ የማሃራሽትራ ከተሞች ምርጫ እንዴት ነው የሚሠራው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ሕንድ ሀገር፣ ማሃራሽትራ ግዛት፣ ፑኔ ከተማ ነው የምማረው። ባለፈው ጥር ከተማው በምርጫ ሲታመስ ሰነበተ። አከራያችን ከምርጫ ጣቢያ ተመልሰው “አራት ጊዜ መርጬ መጣሁ” ሲሉን ቀልድ መስሎን ሳቅን። ከተማው ለዓመታት የተመረጠ ምክር ቤት እንዳልነበረውም ሰማን። ታዲያ ማን ነበር የሚያስተዳድረው? ምርጫውስ ለምን ያን ያህል ዘገየ? ከንቲባውስ ከተማውን በእውነት ይመራል ወይስ ለስሙ ነው? የሚያውቅ ቢያስረዳን።»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ አከራያችሁ አልቀለዱም። አላጭበረበሩምም። ጃንዋሪ 15፣ 2026 ፑኔ ውስጥ ድምፅ የሰጠ ሰው በሙሉ ማለት ይቻላል አራት ጊዜ ነው ቁልፍ የተጫነው። (እንዳንምታታ፣ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዎችህ ለየብቻ ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። ግን አንዱንም ብትከተል፣ ሌላውንም ብትከተል፣ መጨረሻህ ሙምባይ ያለው ማንትራላያ የሚባል ሕንፃ ነው። የግዛቱ መንግሥት ዋና ጽሕፈት ቤት ማለት ነው። ፑኔ የራሷ ምርጫ አላት፣ የራሷ ምክር ቤት አላት፣ የራሷ ከንቲባ አላት። ልጓሙ ያለው ግን እዚያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ይህን ከያዝክ ሌላው ሁሉ ይገባሃል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ። ሕንድ ከ1992 በፊት የከተማ ምክር ቤቶችን እንደ ፈቀደች ነበር የምታደርጋቸው። ግዛቱ ሲከፋው ይበትናል፣ ምርጫውን ለዓመታት ይረሳዋል። ይህን ለማስቆም 74ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወጣ፤ ከጁን 1፣ 1993 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ምክር ቤት ዕድሜው አምስት ዓመት ነው አለ። ጊዜው ከማለቁ በፊት ምርጫ መካሄድ አለበት፤ ከተበተነም በስድስት ወር ውስጥ። ምርጫውን የሚያካሂደው ብሔራዊው የምርጫ ኮሚሽን ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት የራሱን የምርጫ ኮሚሽን ያቋቁማል። ከመቀመጫዎቹ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው የሴቶች ይሆናል። ማሃራሽትራ በኋላ ይህን ወደ ግማሽ ከፍ አድርጋለች። ለፓርላማ ለመወዳደር 25 ዓመት ሲጠየቅ ለከተማ ምክር ቤት 21 ይበቃል።

እስከዚህ ድረስ ሸጋ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሕገ መንግሥቱ ለዘብ ይላል። ከተሞች ሊሠሯቸው የሚገቡ 18 ሥራዎችን ይዘረዝራል፤ ውሃ፣ መንገድ፣ ቆሻሻ፣ የከተማ ፕላን፣ የመሳሰሉትን። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ለከተሞቹ እንደሚያወርድ ግን ለግዛቱ ተወለት። ምርጫውን ግዴታ አደረገ፣ ስልጣኑን በፈቃድ። የዛሬው ጣጣ ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከተሞቹ በሦስት ደረጃ ይከፈላሉ። በማሃራሽትራ ሕግ ከ10 ሺህ እስከ 25 ሺህ ሕዝብ ያለው ታዳጊ ከተማ «ናጋር ፓንቻያት» ይባላል። ከዚያ በላይ ያለው የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ይኖረዋል። ከ300 ሺህ ሲያልፍ ኮርፖሬሽን ይሆናል። ፑኔም ሙምባይም ኮርፖሬሽን ናቸው። በግዛቱ ውስጥ 29 ኮርፖሬሽኖች አሉ፤ ጃንዋሪ 15 ሁሉም ባንድ ቀን መረጡ። የምክር ቤት አባሉን እንግሊዝኛ የሚቀናው «ኮርፖሬተር» ሲለው፣ አከራያችሁ ግን «ናጋርሴቫክ» ማለታቸው አይቀርም።

አሁን ወደ አራቱ ድምፅ። ሙምባይ ውስጥ ነገሩ ቀላል ነው። ከተማዋ በ227 ዋርድ፣ ማለትም የምርጫ ክልል፣ ተከፍላለች፤ አንድ ዋርድ አንድ ተመራጭ፣ አንድ መራጭ አንድ ድምፅ። በሌሎቹ ኮርፖሬሽኖች ግን ዋርዱን ሰፋ አድርገው ባብዛኛው አራት መቀመጫ ይሰጡታል። ፑኔ 41 ዋርዶች አሏት። አርባዎቹ አራት አራት ተመራጭ፣ አንዱ ደግሞ አምስት ይልካሉ። ድምሩ 165። ስለዚህ አከራያችሁ በዚያች አንድ ዋርድ የሚኖር ዘመድ ቢኖራቸው «እኔ እኮ አምስት ነው የመረጥኩት» ብሎ ይፎክርባቸው ነበር።

ጣቢያው ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። የዋርዱ አራት መቀመጫዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንደማለት በፊደል ይለያሉ። የእያንዳንዱ መቀመጫ እጩዎች ዝርዝር ቀለሙ ይለያል፤ መራጩ እንዳይምታታ። መራጩ ከማሽኑ ፊት ቆሞ ከየቀለሙ አንድ አንድ ቁልፍ ይጫናል። አራተኛውን ሲጫን ማሽኑ ረዘም ያለ ድምፅ ያሰማል። ያ ድምፅ ካልተሰማ ምርጫው አላለቀም፤ ሁለቱን ተጭኖ ሊወጣ የሚል ሰው «ይመለሱ፣ ገና ነው» ይባላል። ከአንዱ መቀመጫ የሚወደው እጩ ከሌለ «ኖታ» የሚባል ቁልፍ አለለት። ማንንም አልመርጥም ማለት ነው። ሰልፉ ለምን ያን ያህል እንደሚንቀራፈፍ አሁን ገባህ? አንድ አዛውንት መነጽራቸውን አውጥተው የአራት ዝርዝር ስምና ምልክት ሲያነቡ አስብ። ሎተስ አለ፣ እጅ አለ፣ ቀስትና ደጋን አለ፣ የሚነድ ችቦ አለ፣ ሰዓት አለ፣ የባቡር ሞተር አለ። ከፓርቲዎቹ ውጪ ያለው የግል ተወዳዳሪ ደግሞ ኮሚሽኑ የሰጠውን ምልክት ይዞ ይሰለፋል።

ለምን አራት? እዚህ ላይ ማንትራላያ ብቅ ይላል። ፑኔ በ2002 የመረጠችው በባለ ሦስት መቀመጫ ዋርድ ነው። በ2007 በአንድ። በ2012 በሁለት። በ2017 በአራት። ለ2022 ሦስት ተብሎ ተዘጋጅቶ ምርጫው ሳይካሄድ ቀረ። በ2026 ተመልሶ አራት። መራጩ አልጠየቀም፣ ከተማውም አልጠየቀ። በየጊዜው ግዛቱን የያዘው መንግሥት ለራሱ የሚመቸውን አወጣ። ገንዘብም ሰውም ያለው ትልቅ ፓርቲ አራት እጩ አሰልፎ ባንድ ፖስተር ያስተዋውቃል፤ ጠንካራው እጩ ደካማውን ጎትቶ ያሳልፈዋል። ሠፈር ውስጥ ተወዳጅ የሆነ የግል ተወዳዳሪ ግን ድሮ ያውቀው የነበረ ሠፈር አራት እጥፍ ሆኖበት እግሩ ይዝላል። ከምርጫ በኋላ ደግሞ ቦይ ሲደፈን አራቱ ተመራጮች ጥፋቱን እርስ በርስ ይወራወሩታል። ለነገሩ ተቃራኒ ሐሳብ ያላቸውም አሉ። ዋርዱ ሲሰፋ አንድ የሠፈር ጉልበተኛ ብቻውን አይፈነጭበትም ይላሉ። እኔ አልተዋጠልኝም። ያ እውነት ቢሆን ኖሮ ሙምባይን ለምን በአንድ ተዋት?

የአራት መቀመጫው ሌላ ምክንያት የመቀመጫ ድልድል ነው። ከአራቱ አንዱ ድሮ «የማይነኩ» ይባሉ ለነበሩት ለዳሊቶች፣ ወይም ኦቢሲ ለሚባሉት ሌሎች ኋላ የቀሩ መደቦች ሊመደብ ይችላል። ግማሹ የሴቶች ነው። የትኛው መቀመጫ ለማን እንደሚሄድ ከሕዝብ ቁጥርና ከዕጣ የሚመጣ ነው። ዕጣ ስልህ እውነተኛ ዕጣ ነው። የሙምባይ ኖቬምበር 11፣ 2025 ባንድራ ሠፈር ባለ ቲያትር ቤት ነው የወጣው። መድረኩ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ዕቃ ይቀመጣል፣ ወረቀቶቹ ተጠቅልለው ይገባሉ፣ ብዙ ጊዜ ዕጣ የሚያወጡት የትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ የቀድሞ ተመራጮችና ለመወዳደር ያሰፈሰፉ ሰዎች ናቸው። ልጁ ወረቀቱን ይዘረጋል፣ የዋርዱ ቁጥር ይጠራል። አምስት ዓመት በየለቅሶው በየሠርጉ ሲዞር የኖረ ሰው ዋርዱ «የሴት» ሆኖ ያርፈዋል። ስልኩን ያነሳል። ሚስቱ ጋ ነው የሚደውለው። በዚያ ቀን ከ227ቱ 114ቱ ለሴቶች ወጡ፤ ለኦቢሲ 61፣ ለዳሊቶች 15፣ ለጎሳ ማኅበረሰቦች 2።

ሚስት ተወዳድራ ባል የሚሠራበት ነገር መኖሩ የታወቀ ነው፤ ሕንዶቹ ራሳቸው ይቀልዱበታል። ቢሆንም ጠቅልሎ መናቅ ልክ አይመስለኝም። ስብሰባ የምትገባው እሷ ናት፣ ዶሴው ላይ የምትፈርመው እሷ ናት። በሁለተኛው ዙር ባሏን ሳታማክር የምትቆምም አለች። ዕጣው ክፉ የሚሆነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። መቀመጫው በየዙሩ ስለሚቀያየር ጥሩ የሠራ ሰው ተመልሶ ለዚያው ሠፈር መቆሙን እርግጠኛ አይደለም። ታዲያ ለሠፈሩ ለምን ይጨነቃል?

በነገራችን ላይ ሌላ የሚገርምህ ሕግ አለ። ከሴፕቴምበር 2001 ወዲህ ሦስተኛ ልጅ የወለደ ሰው በማሃራሽትራ ለከተማ ምክር ቤት መወዳደር አይችልም። ለፓርላማ ግን ይችላል።

ወደ መዘግየቱ ልምጣ። ሰው ሲጠየቅ «ኮሮና ነው» ይላል። ኮሮና ጀመረው እንጂ አልጨረሰውም። እንደ ናቪ ሙምባይ ያሉ ከተሞች ምክር ቤታቸው ጊዜው ያለቀው በ2020 ነው፤ ያኔ ምርጫ ማካሄድ እውነትም አይቻልም ነበር። የፑኔና የሙምባይ ያለቀው ግን በማርች 2022 ነው። ያኔ ሌሎች ግዛቶች ይመርጡ ነበር። ታሚል ናዱ እንኳ፣ እሷም ለራሷ ከአሥር ዓመት በላይ ስታንከባልለው የከረመች፣ በፌብሩዋሪ 2022 የከተሞቿን ምርጫ አካሂዳለች።

የማሃራሽትራ እንቅፋት የኦቢሲ ድልድል ነበር። ግዛቱ ለኦቢሲ 27 በመቶ መቀመጫ ይሰጥ ነበር። የዳሊቶቹና የጎሳዎቹ ድርሻ ሲጨመርበት ባንዳንድ ቦታ ከግማሽ ያልፋል። በማርች 2021 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስት ነገር ካላሟላችሁ አይሆንም አለ። መጀመሪያ ራሱን የቻለ ኮሚሽን ስለ ኦቢሲዎቹ ሁኔታ መረጃ ይሰብስብ። ሁለተኛ ድርሻው ለእያንዳንዱ ከተማና ወረዳ ለየብቻ ይወሰን። ሦስተኛ የሁሉም ድልድል ተደምሮ ከ50 በመቶ አይለፍ። ግዛቱ መረጃው አልነበረውም። ያለ ኦቢሲ ድልድል ምርጫ መግባት ደግሞ ለየትኛውም ፓርቲ መርዝ ነው። መራጩ ብዙ ነው፣ ቂሙም ረጅም ነው።

ስለዚህ ምን ተደረገ? መንግሥት ባዋጅ ድልድሉን ሊመልሰው ሞከረ፤ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2021 አገደው። በማርች 2022 የግዛቱ ምክር ቤት የዋርድ ወሰን የማስመር ስልጣንን ከምርጫ ኮሚሽኑ ወስዶ ለመንግሥት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ገዥውም ተቃዋሚውም ባንድ ድምፅ ነው ያሳለፉት። በሌላ ነገር ሁሉ የሚናከሱ ሰዎች በዚህ ተስማሙ። ይህን ስታይ መዘግየቱ የማን ፍላጎት እንደነበር ትጠይቃለህ። ወሰኑ እንደገና እስኪሰመር ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ሁሉም የፈለጉት ነገር ነበር።

በሜይ 2022 ፍርድ ቤቱ «በሁለት ሳምንት ውስጥ የምርጫ ማስታወቂያ አውጡ» አለ። በጁላይ በቀድሞው የግዛቱ ከፍተኛ ባለሥልጣን በጃያንት ባንቲያ የሚመራው ኮሚሽን ያቀረበው የኦቢሲ ሪፖርት ተቀባይነት አገኘ። አለቀ ሲባል ግን መንግሥት ቀድሞ በጁን መጨረሻ ተቀይሮ ነበር። ግዛቱን ይመራ የነበረው ሺቭ ሴና የሚባል ፓርቲ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ከተገነጠለው ወገን ኤክናት ሺንዴ ሥልጣን ይዘው ነበር። በኦገስት አዲሱ መንግሥት የቀድሞው 236 ያደረገውን የሙምባይ ዋርድ ወደ 227 መለሰው። ክስ ተመሠረተ። ፍርድ ቤቱም «ሁሉም ባለበት ይቁም» አለ። የቆመው ነገር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ቆመ። ቀጠሮ ይሰጣል፣ ይተላለፋል፣ ይሰጣል፣ ይተላለፋል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤቱንም ከተጠያቂነት አላወጣውም። ሕገ መንግሥቱ ስድስት ወር ያለውን ነገር በዓመት አስቆጠረው።

የተፈታው ሜይ 6፣ 2025 ነው። ፍርድ ቤቱ ምርጫው በአራት ወር ውስጥ ይካሄድ፣ የኦቢሲ ድልድል ለጊዜው ከ2022 በፊት በነበረው ይሁን አለ። አራት ወሩም አልበቃ ብሎ እስከ ጃንዋሪ 31፣ 2026 ተራዘመ። ትናንሾቹ ከተሞች በዲሴምበር 2025፣ ኮርፖሬሽኖቹ በጃንዋሪ መረጡ። 57 ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ድልድሉ ከ50 በመቶ አልፎ ስለተገኘ፣ ፍርድ ቤቱ ምርጫው ይቀጥል ግን ውጤቱ በመጨረሻ ውሳኔዬ የሚጸና ይሁን ብሎ ነው የፈቀደው።

በመሃል ማን ያስተዳድር ነበር ላልከው፣ ኮሚሽነሩ። ኮሚሽነር ማለት የግዛቱ መንግሥት የሚሾመው የማዕከላዊ ሲቪል ሰርቪስ መኮንን ነው። ምክር ቤት ሲኖር እሱ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ምክር ቤት ሲጠፋ «አስተዳዳሪ» የሚል ሁለተኛ ማዕረግ ተደረበለት። ጠዋት ኮሚሽነር ሆኖ ያቀረበውን ማታ አስተዳዳሪ ሆኖ ያጸድቀዋል። ጠያቂውም ፈቃጁም አንድ ሰው። በሙምባይ ለ2025-26 የቀረበው በጀት ከ744 ቢሊዮን ሩፒ በላይ ነበር። ከአንዳንድ ትናንሽ የሕንድ ግዛቶች በጀት ይበልጣል። ያን ያህል ገንዘብ የተመረጠ ሰው ሳያየው አለፈ። ኮሚሽነሩ ደግሞ ማንትራላያን ቅር ቢያሰኝ በማግሥቱ ዝውውሩ ይመጣል። ስለዚህ አስተዳዳሪ አስተዳደረ ማለት ግዛቱ አስተዳደረ ማለት ነው።

ተራው ሰው ምን ጎደለበት? ትልቁን ነገር ተወውና ትንሿን ልንገርህ። የመታወቂያ አድራሻ ለማስተካከል ሌላ ማስረጃ የሌለው ድሃ የሠፈሩ ተመራጭ ጋ ሄዶ ማረጋገጫ ያስፈርማል። ተከራይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ ከሆንክ ያቺ ፊርማ ትልቅ ነገር ናት። ተመራጭ ሲጠፋ ሰዉ ወደ ግዛቱ ምክር ቤት አባል ቢሮ ጎረፈ። እነዚያ ለመቶ ሺዎች አንድ ናቸው። ለሠፈር ሥራ የሚሰጠው ገንዘብም በእነሱ በኩል መሄድ ጀመረ፤ ተቃዋሚዎቹ «ለገዥው ፓርቲ ሰዎች ብቻ ነው የሚሰጠው» እያሉ አማረሩ።

ፑኔ ዙሪያ ደግሞ የባሰ አለ። በ2021 ሃያ ሦስት መንደሮች ወደ ከተማው ተጠቃለሉ። የገጠር ምክር ቤታቸው ፈረሰ፣ የከተማ የቤት ግብር ጥያቄ መጣባቸው። ለከተማው ምክር ቤት ተመራጭ የላኩት ግን ገና በጃንዋሪ 2026 ነው። ከነሱ ቀድመው በ2017 የተጠቃለሉት ኡሩሊ ዴቫቺና ፉርሱንጊ፣ የከተማውን ቆሻሻ መጣያ ለዓመታት የተሸከሙት፣ በግብሩ ተማርረው ከፑኔ ወጥተው የራሳቸውን ማዘጋጃ ቤት እስከማቋቋም ደርሰዋል። አውቶቡስ ይዘህ ብትሄድ ለሴሚናር የሚሆን ርዕስ ታገኛለህ።

አሁን ከንቲባው። በግልጽ ልንገርህ፣ ባብዛኛው ለስሙ ነው። የአዲስ አበባ ከንቲባ ካቢኔ አለው፣ ቢሮዎች ይታዘዙታል። ይህን በአእምሮህ ይዘህ የፑኔን ከንቲባ ካየህ ትሳሳታለህ። የፑኔ ከንቲባ የምክር ቤቱን ስብሰባ ይመራል፣ እንግዳ ይቀበላል፣ ሪባን ይቆርጣል። የሥልጣን ዘመኑ ሁለት ዓመት ተኩል ነው። የሚመርጡት 165ቱ ተመራጮች እንጂ ሕዝቡ አይደለም። ይባስ ብሎ የከንቲባነቱ ወንበር ለሴት ይሁን፣ ለኦቢሲ ይሁን፣ ለማንም ክፍት ይሁን የሚወሰነው በዕጣ ነው። በ2026 የ29ኙ ከተሞች ዕጣ የወጣው ከምርጫው በኋላ፣ ጃንዋሪ 22 ነው። የሙምባይ ለሴት ወጣ። ስለዚህ መራጩ ድምፁን ሲሰጥ ማን ከንቲባ እንደሚሆን ቀርቶ ማን መሆን እንደሚችል እንኳ አያውቅም ነበር።

ታዲያ ምክር ቤቱ ጭራሽ አይረባም? እንደሱም አይደለም። ጉልበት ያለው ቋሚ ኮሚቴ የሚባለው ጋ ነው። በፑኔ 16፣ በሙምባይ 27 ሰዎች ያሉበት። ትልልቅ ኮንትራቶች በዚያ ያልፋሉ። ኮሚሽነሩ በጀቱን መጀመሪያ የሚያቀርበው ለነሱ ነው። ፓርቲዎች ከከንቲባነቱ ይልቅ በኮሚቴው ሊቀመንበርነት የሚሻኮቱት ለዚህ ነው። ጋዜጣው ፎቶውን ለከንቲባው ይሰጣል፣ ኮንትራክተሩ ግን የሚያንኳኳው የሊቀመንበሩን በር ነው።

በትናንሾቹ ከተሞች ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ሕዝቡ የከተማውን ምክር ቤት ፕሬዚዳንት በቀጥታ ይመርጣል። ግን ይህም የማንትራላያ መጫወቻ ሆኖ ነው የኖረው። በ2001 ቀጥታ ተባለ፣ በ2006 ቀረ፣ በ2016 ተመለሰ፣ ከ2019 ምርጫ በኋላ የመጣው መንግሥት ሰረዘው፣ በ2022 ሺንዴ መለሱት። አንዳንዴ ፕሬዚዳንቱ ካንድ ፓርቲ፣ የምክር ቤቱ ብዙኃን ከሌላ ይሆኑና አምስት ዓመት በእንካ ስላንትያ ያልፋል። ያኔም የሚያተርፈው ከግዛቱ የተላከው ዋና ኦፊሰር ነው።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልጨምር። ሙምባይ እስከ 2017 ድረስ ወደ ከተማዋ በሚገባ ዕቃ ላይ የኬላ ቀረጥ ትሰበስብ ነበር። በየቀኑ የሚፈስ የራሷ ገንዘብ። በጁላይ 2017 ሀገር አቀፉ የዕቃና አገልግሎት ታክስ ሲመጣ ኬላው ተነሳ፤ ከተማዋ ማካካሻዋን ከግዛቱ መንግሥት እጅ የምትጠብቅ ሆነች። ለከተማ የራሱን ኪስ ማጣት ከንቲባ ከማጣት ይከፋል ባይ ነኝ።

ማን አሸነፈ ማለትህ ስለማይቀር፦ ሙምባይ ላይ የሀገሪቱ ገዥ ፓርቲ ቢጄፒ 89 ይዞ አንደኛ ወጣ፤ ከሺንዴ ሺቭ ሴና 29 ጋር ሲደመር ለአብላጫ የሚያስፈልገውን 114 አለፉ። ለሃያ ዓመታት የተኳረፉት የአጎት ልጆች ኡድሃቭና ራጅ ታከሬ ለዚህ ምርጫ ብለው ታርቀው ነበር፤ ሁለተኛው የሺቭ ሴና ክፋይ፣ የኡድሃቭ ወገን፣ 65 አገኘ። ከ1997 ጀምሮ ለሃያ አምስት ዓመት የሺቭ ሴና ቤት የነበረች ማዘጋጃ ቤት እጅ ቀየረች። ፑኔም የቢጄፒ ሆነች። የሚያስቀው፣ በግዛቱ መንግሥት ውስጥ ከቢጄፒ ጋር አብሮ የተቀመጠው፣ ያኔ አጂት ፓዋር ይመራው የነበረው ፓርቲ ፑኔ ላይ ከአጎቱ ከሻራድ ፓዋር ፓርቲ ጋር ሆኖ ቢጄፒን ሲገጥም ነበር።

ነውሩም አልቀረም። ድምፅ ሳይሰጥ፣ ተቀናቃኞቻቸው ራሳቸውን አግለው ወይም ወረቀታቸው ውድቅ ሆኖ፣ ከ60 በላይ እጩዎች ያለ ተወዳዳሪ አለፉ። አብዛኞቹ የገዥው ጥምረት ሰዎች ናቸው። ተቃዋሚዎች ማስፈራሪያና ገንዘብ አለበት አሉ፤ ኮሚሽኑም ሪፖርት ጠየቀ። በዕለቱ ደግሞ የጣት ቀለሙ ወሬ ሆነ። የማይለቀውን ቀለም በብልቃጥ ከመቀባት ይልቅ በማርከር እስክሪብቶ ነው የቀቡት፤ ሰዎች በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሲያጠፉት የሚያሳይ ቪዲዮ ተሠራጨ። ኮሚሽኑ «ከ2011 ጀምሮ የምንጠቀምበት ነው» ብሎ መለሰ፣ አጣራለሁም አለ። መራጩ ድምፁን የሚያይበት ወረቀት የሚያወጣው መሣሪያ በዚህ ምርጫ አልነበረም፤ ኮሚሽኑ ለባለ ብዙ መቀመጫ ዋርድ አይመችም ባይ ነው። አራት ቁልፉ እዚህም ዕዳ ሆነ ማለት ነው።

አንተ የውጭ ሀገር ተማሪ ስለሆንክ አትመርጥም። ግን ለጥናት የሚሆን ነገር እየፈለግህ ከሆነ ከንቲባው ምን አለ የሚለውን ዜና ተወው። ኮሚሽነሩ ለቋሚ ኮሚቴው ያቀረበውን የበጀት ሰነድና ኮሚቴው አሻሽሎ ያሳለፈውን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የአስተዳዳሪው ዘመን በጀቶችም ስላሉ ማወዳደሪያ አታጣም። ኮሚቴው ለየዋርዱ ምን እንደጨመረ፣ ከየትኛው ፕሮጀክት እንደቀነሰ፣ ኮሚሽነሩ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ከዚያ ውስጥ ስንቱን እንዳልፈጸመው በቁጥር ታገኘዋለህ።